ሰባተኛ ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል

የወንበሩን ቀበቶ ለሦስተኛ ጊዜ ቆልፌ ሳብ አደርገዋለሁ። ይላቀቃል።

«አንዳንዴ ይይዛል እኮ» ይላል ጀማሉዲን። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«አንዳንዴ ከያዘ አልያዘም።»

መመሪያው አያሻማም። ቀበቶው የተበላሸ ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም፤ አውሮፕላኑ ግን መብረር ይችላል። መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ ነው። ሌላ ባዶ ወንበር የለም።

ወንበሩ የአቶ ሚስባህ ነው፤ ሱብሂ ሰግደው ከገራዶ የተነሡ ሽማግሌ። ወንድማቸው ሌሊት አዲስ አበባ ዐርፏል። ጀናዛው እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ይጠብቃቸዋል፤ በመኪና አይደረስም።

«ልጄ፣ እኔ በቅሎ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ» ይሉኛል። «ሳልታሰርም አልወድቅ።»

«በቅሎ አትበርም፣ አባባ።»

«የኔዋ ስትደነብር አላየሻት!»

ተሳፋሪው ይስቃል። እሳቸውም ፈገግ ይላሉ። እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ አልለቀቀም።

ጀማሉዲን ቦታውን የሚለቅ ሰው ይጠይቃል። አንዱ የቪዛ ቀጠሮ አለው። አንዷ ሕፃን ልጇን ሐኪም ዘንድ ይዛ ትሄዳለች፤ «ወላሂ፣ ቀጠሮው ዛሬ ባይሆን» ትላለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጀማሉዲን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። «ወንጌላዊት፣ ወረቀቱን እዚያ ስትደርሱ ብትለጥፊውስ? ማን ያያል?»

«አይሠራም» የሚለውን ወረቀት እለጥፋለሁ። ወንበሩን በቀይ ጥብጣብ አስራለሁ፤ በመዝገቡም ላይ እፈርማለሁ።

ለጥገና መጥቼ ሦስት ቀን ቆይቻለሁ፤ በዚሁ አውሮፕላን ልመለስ ነበር። ነገ ጠዋት አዲስ አበባ የባለቤቴ ሙት ዓመት ነው። አሁን በመኪና ብነሣ መንገድ ላይ ይመሽብኛል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌሊት በመንገድ አይኬድም። የነገው በረራ የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነው።

ቦርሳዬን ከአሥራ አንደኛው ረድፍ አነሣለሁ።

«እዚህ ይቀመጡ፣ አባባ።»

«አንቺስ?»

«ነገ እሄዳለሁ።»

ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። ቀበቶውን ሳስርላቸው ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት ያያሉ።

«ባለቤትሽ አይጠብቅሽም?»

«ይጠብቃል።»

«ስትቀሪበት አይቆጣም?»

«አይቆጣም።»

«እንዲህ ያለውን ሰው አላህ ያቆይልሽ።»

«አሜን» ብዬ ደረጃውን እወርዳለሁ።