አንድ ዙር ከዋጫው ዋለ ጋር

አዲሱ በሕይወቱ አንድም ሰው መትቶ አያውቅም። እሱንም የመታው የለም። ይህ ግን ስለ ድብድብ ከመናገር አግዶት አያውቅም።

በሥራ ቀን ቦንጋ ገበያ አጠገብ ጸጉር ያስተካክላል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን መቀሱን አስቀምጦ፣ ጉሮሮው እንዳይዘጋበት ትኩስ ውሃ በማር ጠጥቶ፣ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይወርዳል። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ያሰለቻቸው አግዳሚ ወንበሮች ዳር ዳሩን ይደረደራሉ፤ መሐሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም የተፈቀደበት ቅይጥ ማርሻል አርት ይጀመራል። ማይክራፎኑ የአዲሱ ነው።

ምላሱ ማንንም አይምርም። ተፋላሚው ዓይኑን ወደ ተመልካች ከላከ፣ «ይሄ ሚስት ፍለጋ ነው የመጣው» ይላል። እጁን ዝቅ ካደረገ ኪሱን እየዳበሰ ነው ይላል። ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ግን ታንቆ ሲያዝ ምንጣፉን መታ መታ አድርጎ እጅ የሚሰጠውን ነው። በእሱ እምነት ወንድ ልጅ ትንፋሽ ቢያጥረው እንኳ ምንጣፍ አይመታም። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ተሸናፊው ለሳምንት ገበያ አይወጣም።

አንድ ቅዳሜ የክለቡ አሠልጣኝ ሚሊዮን ራሱ ተጋጥሞ፣ አንገቱን ታንቆ፣ ምንጣፉን መታ።

«አሠልጣኛችን በር እያንኳኳ ነው» አለ አዲሱ፣ «ክፈቱለት እንጂ።»

ሚሊዮን አልተቆጣም። ላቡን ጠርጎ ወደ አዲሱ ተጠጋና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ጋሽ አዲሱ፣ አንድ ዙር ብቻ ገብተው በእግርዎ ቆመው ከወጡ ዕድሜ ልክዎን ይናገሩ። ካልሆነ ግን ማይክራፎኑን ያስረክቡን» አለው።

ማይክራፎኑ ክፍት ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማ። አዲሱም እንቢ ማለት አልቻለም። ሚሊዮን ግን እኔ ብገጥምዎ ቂም ይመስልብኛል ብሎ፣ ዋጫ ከተማ ላለው አሠልጣኝ ጓደኛው ስልክ ደወለ። በሳምንቱ ዋለ እንደሚመጣ ተነገረ።

ቦንጋ ውስጥ ዋለን በዓይኑ ያየ አይገኝም፤ ስሙን ያልሰማ ግን የለም። ዋጫ ደርሶ የተመለሰ ነጋዴ ሁሉ ስለዚያ ከተማ ግጥሚያ ሲያወራ ዋለን ሳያነሣ አያልፍም። እሱ ካልመጣ አይጀመርም ይላሉ። ዋለ የያዘው ሰው ለሳምንት ገበያ አይወጣም ይላሉ። ለዓመታት አንድ ግጥሚያ ሳያመልጠው አንዲት ቡጢ እንኳ አላረፈችበትም ይላሉ።

አዲሱን እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ሠናይት ነገሩን እንዲተወው ለመነችው፤ ማይክራፎን መቼ ቤት አስተዳድሮ ያውቃል አለችው። እውነቷን ነበር። እሱ ግን ከመመታቱ ይልቅ የፈራው ዝምታውን ነው። ጸጉር ሲያስተካክል የፈለገውን ቢያወራ ደንበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ያንቀላፋበታል። ሰው ቃሉን የሚጠብቀው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። ያችን ከተቀማ ምን ይቀረዋል?

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዋለ ከዋጫ ሚኒባስ ወረደ። አዲሱ በሱቁ መስኮት ከእግር እስከ ራሱ ለካው። አፍንጫው ቀጥ ያለ ነው፤ ፊቱ ላይ ጠባሳ የሚባል የለም። በዚያ ፀሐይ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። አጠገቡ ያለው ሻይ ቤት ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ማኪያቶ ሲያዝ፣ እሱ በጎረነነ ድምፅ ትኩስ ውሃ በማር አዘዘ። አዲሱ ሊፋለም መጥቶ እንዲህ የተረጋጋ ሰው አይቶ አያውቅም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ደወሉ ተመታ።

አዲሱ ጓንቱን አገጩ ሥር ወትፎ ወደ ቀኝ ዞረ። ዋለም ዞረ። እንደገና ዞሩ። ዋለ እጁን አልሰነዘረም፤ ከንፈሩ ግን ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ሳይሆን አይቀርም። አዲሱ ሰውየውን ለየው። ይሄ ትዕግሥተኛው ዓይነት ነው፤ ሲያጠና ቆይቶ አንዴ ብቻ የሚመታው።

ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ቡጢ ሰደደ። አየር መታ። ሲገልጥ ዋለ እስከ ምንጣፉ ጠርዝ ድረስ ሸሽቷል። አዲሱ ወጥመድ መሆኑ ገባውና አልተከተለውም። ተመልካቹ ማፏጨት ጀመረ። ማይክራፎኑን የያዘው ሚሊዮን ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ዙሩ ሊያልቅ ሲል እግራቸው ተጠላለፈና ተቃቀፉ። ላለመውደቅ አንዱ በሌላው አንገት ተንጠለጠለ። አዲሱ ትንፋሽ አጠረው። ዓለም ጠቆረችበት። ያኔ ስንቱን ያሳቀቀበትን ነገር ሁሉ ረስቶ፣ ምንጣፉ ሩቅ ስለሆነበት፣ የዋለን ጀርባ መታ መታ አደረገ።

በዚያው ቅጽበት የራሱም ጀርባ መታ መታ ተደረገ።

ደወሉ ተመታ። ዳኛው ምንም አላየም። አዲሱ በእግሩ ቆሟል፤ አዳራሹ እያጨበጨበ ነው፤ ሚሊዮን ማይክራፎኑን ዘርግቶ እየመጣ ነው። ዋለ ግን ገና አንገቱን አልለቀቀውም፤ ጆሮው ሥር ያለከልካል።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለው በዚያ በጎረነነ ድምፁ፣ «እንግዲህ ዋጫ ስመለስ እኔንም ማይክራፎኔን አይቀሙኝም።»