ላም የሚገባበት ሰዓት

«አቤት ሰላም! አቤት ፀጥታ!» አሉ አለቃዋ ጋሽ ፍሥሐ፣ ከሩመይሳ ወንበር ጀርባ ቆመው። ፓርክላንድስ በተባለው የከተማ ሰፈር ባለው የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ቪዲዮ የምታቀናብረው እሷ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ከሞያሌ ወዲያ ባለ መንደር የበጋ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ አንዲት እናት በረት ደጃፍ ተቀምጣ የወተት ጮጮዋን ታቅፋለች። «ሙዚቃ እንዳትጨምሪበት። ዶነሮቹ እንዲህ ያለ ጭር ያለ ምሽት ይወዳሉ።»

ሩመይሳ ያደገችው እዚያው አካባቢ ነው። ደሟ ፈላ። ኢርፎኑን ከጆሮዋ መንጭቃ ዘረጋችላቸውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። «እስቲ ያድምጡ!»

«ነፋስ ብቻ ነው» አሉ።

«ይሄ እኮ ላም የሚገባበት ሰዓት ነው! ቃጭሉ፣ የጥጃው ጩኸት ጆሮ ማደንቆር ነበረበት። በረቱን አያዩትም? ድርቁ አንዲት ላም አላስተረፈላትም። ባዶ ጮጮ ነው ያቀፈችው! ይሄን ነው ሰላም የሚሉት?»

ጋሽ ፍሥሐ ኢርፎኑን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት። ያፈሩ መሰላት። ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና፣ «እውነትሽን ነው» አሏት። «እንግዲያው የቃጭል ድምፅ ጨምሪበትና ዛሬውኑ ይላክ።»