አብሮ መመረቅ

እማዬን የመርሳት በሽታ ከያዛት ወዲህ እኔንና እህቴን ውባለምን የምታውቀን ከጆሮዋ ጀርባ በተተከለላት መሣሪያ ነው። መሣሪያው ትዝታዋ ላይ የሚጽፉ ሁለት ፕሮሰሰሮች አሉት፤ አንዱ የእኔን፣ ሌላው የእህቴን ነገር ይመዘግባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከጻፉ ትዝታዋ ይበላሻል። ስለዚህ አንዳችን ስንገባ የሌላውን ፕሮሰሰር የሚዘጋውን ቁልፍ በስልካችን እንይዛለን፤ ሌላው በረንዳ ላይ ተራውን ይጠብቃል። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አብረን ፊቷ አልተቀመጥንም። የቁልፉን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውባለም ስትቸኩል የምቆጣትም እኔው ነበርኩ።

በሠርጓ ጠዋት የእማዬን ጉልበት ልትስም ገባች። ወዲያው በቬሏ ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ አብረን እንመረቅ» አለችኝ። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። ለአንዲት ደቂቃ ምን ይሆናል ብዬ ቁልፉን ከፈትኩት።

ጎን ለጎን ተንበረከክን። እማዬ እጆቿን ራሳችን ላይ ጭና «ልጆቼ፣ ውለዱ፣ ክበዱ» ብላ ጀመረች። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ። እጆቿን ቀስ ብላ አነሳች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፈገግ አለችልን።

«የማን ልጆች ናችሁ? ስታምሩ» አለች። «የእኔዎቹ እንዲህ አብረው መጥተውልኝ አያውቁም።»