ለቅሶ በውዱ ደጅ

ሀሊሜ የለቅሶውን ሰሌን ጠቅልላ ተሸከመችና ከገዛ ግቢዋ ወጣች። ልጇ ነጅሙ የተቀበረው ትናንት ነው። ለቀስተኞቹ ሴቶች ግራ ገብቷቸው ተከተሏት።

«ወዴት ነው እቴ? የተነጠፈ ለቅሶ ይነሳል እንዴ?» አለች ጎረቤቷ መይሙና።

«ውዱ ደጅ ነው የምንቀመጠው።»

መይሙና ቀጥ አለች። ውዱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቡዳ ናት ይሏታል። ነጅሙ ከመሞቱ በፊት ከእጇ ንፍሮ ቀምሶ ስለነበር፣ በላችው ተባለ። የሀሊሜ ባል ወንድም ሙሀመድሰይድ ጎረምሶቹን ሰብስቦ ጎጆዋን አቃጥሎ ሊያባርራት ጧት ዝቶ ወጥቷል። በዘንድሮው ረሃብ ከቀዬው የተባረረ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ፣ በቆቦ የመኪና መንገድ ዳር የወደቀውን ሬሳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

«ልጄን የበላው ጠኔ ነው» አለች ሀሊሜ። «ሙሀመድሰይድ ጉድጓድ ሙሉ ማሽላ ቀብሮ የለኝም ሲለኝ፣ ያላትን እፍኝ ቀቅላ ያቀመሰችው ውዱ ናት። ባሌ ከብቱን ይዞ አፋር ባይወርድ ወንድሙን እሱ ይናገረው ነበር። ከፈራሽ ተመለሺ።»

መይሙና የሰሌኑን ጫፍ ያዘችላት።

ውዱ ጨርቋን ቋጥራ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ሀሊሜን ስታይ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ልሄድልሽ ነው፣ እመቤቴን። እኔ ልጅሽን…»

«የትም አትሄጅም። ቤትሽ ለቅሶ ቤት ነው፤ ውሃ አቅርቢ።»

ሰሌኑን በሩ ሥር ዘረጋችና ተቀመጠች። ሴቶቹ ተያዩ። መጀመሪያ መይሙና ተቀመጠች፤ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለቻት ውዱን። ከዚያ ሌሎቹም እየተግተለተሉ በሩን ሞሉት።

ጎረምሶቹ ብዙም አልቆዩም። ሙሀመድሰይድ ችቦና ዱላ ይዞ ከፊት ይመራል። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን እግራቸው ተያዘ። ለቅሶ ቤት ዱላ ተይዞ አይገባም፤ መጥተው ሳይቀመጡ መመለስም ነውር ነው።

ሀሊሜ ድምጿን ለቀቀችው።

«ነጅሙዬ፣ ተነስ፣ አጎትህ መጣልህ። ሳትጠግብ የሄድከው ልጄ፣ ማሽላ ያለው አጎትህ መጣልህ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዱ ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ ዱላውን አጥሩ ላይ አስደገፈና ገብቶ ተቀመጠ። ሌላውም ተከተለው፤ ሌላውም።

«ተይ እንጂ ሀሊሜ፣ ሰው ፊት…» አለ ሙሀመድሰይድ ብቻውን ቆሞ። ችቦው እጁ ላይ እየነደደ አለቀና ጣለው።

ውዱ በራሷ ገንቦ ውሃ ይዛ ወጣች። ከእጇ ጠጥቶ የማያውቀው ሰፈር ተራ በተራ ተቀበላት።

ሀሊሜ ዓይኗ አጥሩ ላይ ነው። የሙሀመድሰይድ ዱላ ከሌሎቹ ዱላዎች መሀል እስኪቆም ድረስ ልቅሶዋን አላቋረጠችም።