ብረቱ የማይችለው ቁሌት

እናቴ የምግብ ፍላጎቷ ከተዘጋ ሰንብቷል። ዛሬ ጠዋት ግን ከተኛችበት ሆና፣ "ዘቢደር፣ ቁሌት ያለው ወጥ አማረኝ" ስትለኝ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ሽንኩርቱን ከትፌ ጣድኩ።

ሽንኩርት ማቁላላት በከተማችን ከተከለከለ ቆይቷል። የውጭው አየር ስለማይተነፈስ፣ መርዙን ወደ ንጹሕ አየር እየለወጠ የሚያኖረን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ብረት ነው። ሲሰቅሉልን "ይሠራል እንጂ አያልቅም" ብለውን ነበር። ኋላ ደግሞ ከሽንኩርት የሚወጣው ድኝ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ሥራ ያስፈታዋል አሉ።

ሽንኩርቱ ገና ቀላ ሳይል ከብረቱ ጋር የተያያዘው ደወል ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ የጥገና ሠራተኛው ምንተስኖት ጭንብሉን አጥልቆ ገባ። ብረቱን ፈታና አገላብጦ አየው።

"እትዬ፣ ጠቁሯል እኮ! እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?"

አዲስ ብረት ገጠመ። ከዚያ እጁን ወደ ድስቴ ሰደደ።

"እሱን ተወው!"

"ደንብ ነው፣ እትዬ።"

"የምን ደንብ? ሰው የሚበላውን የማይችል ብረት ሰቅላችሁ፣ ብረቱን በማሻሻል ፈንታ እኛን ትከለክላላችሁ? እናቴ ሳትበላ ብትሞትብኝ እሷንም ፈትታችሁ አዲስ ትገጥሙልኛላችሁ?"

 እሱ ግን ድስቱን በከረጢት አሽጎ ይዞት ወጣ።

እንባዬን ጠርጌ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እናቴ ቀና ብላ ተቀምጣለች።

"ሽታው እዚህ ድረስ መጣ" አለችኝ ፈገግ ብላ፤ "በይ እጄን አስታጥቢኝ።"