ብርሃን እንዳይገባ

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ መርሻ ባለቀለም ፎቶ አማረው። አዲሱ አዳራሽ ሊመረቅ ነው፤ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። አሰላ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሊቀመናብርት በየግድግዳቸው የሰቀሉት ጥቁርና ነጭ ነው። መርሻ ግን ቀይ ሻሹን ደረቱ ላይ አግድም አስሮ፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ እንዲታይለት ፈለገ።

በከተማው ባለቀለም ፎቶ የሚያጥበው ወልደሰንበት ብቻ ነበር። አሥመራ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ የተማረ ባለሙያ ነው። ማንሳቱን አነሳው፤ ማጠቡ ላይ ግን እጁን አጣጥፎ ቀረበ። የቀለሙ ኬሚካል አልቋል። አዲስ አበባ ልኮ ቢያስጠይቅ፣ ፋብሪካው ያንን ዓይነት መሥራት አቁሟል፣ አዲሱ ደግሞ አንተ ዘንድ ላለው ወረቀት አይሆንም ተባለ።

"ጥቁርና ነጭ ላድርግልዎ?" አለ ወልደሰንበት።

"ሌላ ዘዴ ፈልግ" አለ መርሻ። "አብዮት በአንድ ፋብሪካ አይቆምም።"

ዘዴ ተፈለገ። ከሆስፒታሉ የራጅ ክፍል ፈሳሽ ተለምኖ መጣ፤ የመርሻ ፊት ውኃ እንደበላው ሰው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ዱቄት መጣ፤ ፊቱ ተሻለው፣ ሻሹ ግን አረንጓዴ ሆነ። መርሻ ግራ ቀኙን አይቶ ፎቶውን ብጭቅጭቅ አደረገው። ቀዩን አረንጓዴ ያደረገ ሰው ምን እንደሚባል ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ መሀል ሌላ ጣጣ መጣበት። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት እየተመለመለ ነበር። መርሻ በስብሰባ ላይ "መኪናው ላይ ቀድሞ የሚወጣው የእኔ ልጅ ነው" ብሎ አስጨብጭቧል። ያ ልጅ፣ ጥሩሰው፣ አንድ ማለዳ ከአልጋው ጠፋ። መርሻ አብዮት ጠባቂዎቹን ሁሩታ አማቾቹ ዘንድ ላከ፤ ዲክሲስም ኦጎልቾም ላከ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሚስቱ አሰፋች ሁለት ቀን አልቅሳ ዝም አለች። እሱ ውጭ ሲፎክር ይውላል፤ ቤት ሲገባ ግን ያን ባዶ አልጋ ላለማየት ፊቱን ያዞራል።

ደግነቱ ወልደሰንበት በዚያው ሰሞን ደስ የሚል ወሬ ይዞለት መጣ። ጣሊያኑ ጌታው ድሮ ድሮ የፎቶ ወረቀት በእንቁላል ይሠራ እንደነበር ነግሮት ኖሯል። ወተት ደግሞ ቀይን ይይዛል ብሎት ነበር። ማርና ትንሽ በሶም ያስፈልጋል፣ ለማወፈሪያ። ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የጨለማ ክፍሉም ቀኑን ሙሉ መዘጋት አለበት።

መርሻ ከኅብረት ሱቁ አዘዘለት። በባሏ ፎቶ ስታሾፍ የከረመችው አሰፋች እንኳ ቅርጫቱን ራሷ ማመላለስ ጀመረች። የገና ጾም ስለነበር ጎረቤት ሲገረም "ፎቶ አይጾም" ብላ ታልፋለች። አንድ ቀን እንቁላሉ ይቀቀል ተብሏል አለችው፤ ጥሬው ወረቀቱን ያገማዋል። መርሻ ይቀቀል አለ። ኬሚካል የእሱ ሙያ አይደለም።

ሳምንታት አለፉ፤ ፎቶ ግን የለም። ቅርጫቱ ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። መርሻ ጠረጠረ። ወልደሰንበት ጾም እየገደፈ ይሆናል ብሎ ተጠግቶ አፉን አሸተተ፤ ሽሮ ብቻ ነው የሸተተው። ጭራሽ ጉንጩ ጎድጉዷል። ሸጦት ይሆናል ብሎ የሁሴኖ ሻይ ቤት ገብቶ ወተቱን ከየት እንደሚያመጣ ጠየቀ። ሁሴኖ በአላህ ምሎ ከራሴ ላም ነው አለ። በአውቶቡስ ናዝሬት እየላከው ነው ማለት ነው፣ አለ መርሻ በልቡ፤ ተነሥቶም ፎቶ ቤቱ ሄደ።

"ወተቱ የት ነው የሚገባው?"

"ውስጥ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሥራውን እየሠራ ነው።"

"ልየው።"

"ይዩት። ግን በሩ ሲከፈት ብርሃን ይገባል። ብርሃን ከገባ ልፋታችን ሁሉ ገደል ነው። የሻሹ ቀይ ደግሞ ገና ትናንት ብቅ ማለቱ ነው።"

መርሻ እጁን ከበሩ ላይ አነሳ።

በማግሥቱ ወታደሮች ከምልመላው የቀሩ ወጣቶችን ፍለጋ ለቤት ለቤት አሰሳ መጡ። መርሻ እየመራ አስፈተሸ፤ ቁም ሣጥን ተከፈተ፣ የገብስ ጎተራ በዘንግ ተወጋ። ፎቶ ቤቱ ሲደርሱ አሥር አለቃው የጨለማ ክፍሉን በር ያዘ። መርሻ ዘሎ መሀል ገባና እጆቹን ዘረጋ።

"ይሄ አይከፈትም።"

"ማን አለ ውስጥ?"

"እኔ ነኝ ያለሁት" አለ መርሻ።

አሥር አለቃው ፊቱ የቆመውን ሊቀመንበር አየ፣ በሩን አየ። መርሻ ስለ ፎቶው፣ ስለ ሻሹ፣ ስለ ብርሃኑ አስረዳው፤ የሚመጣ ተጠያቂነት ቢኖር በራሱ ላይ ይሁን አለ። አሥር አለቃው በሩ ላይ በጠመኔ "ተፈትሿል" ብሎ ጽፎ ወጣ። ቅርጫቷን ይዛ የመጣችው አሰፋች አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። ጾሙ አድክሟታል፣ ብሎ አሰበ መርሻ።

መኪናው ምልምሎቹን ጭኖ የወጣው በምረቃው ዋዜማ ነው። እናቶች ያለቅሳሉ። መርሻ ግራ እጁን አንሥቶ ቆመ፤ የወጣቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየ። የጥሩሰውን ፊት ሲያጣ ደረቱ ቀለል አለው፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ፤ ዓይኑን ወደ ጭላሎ ተራራ መለሰ።

አቧራው ሳይበርድ ፎቶውን ሊወስድ ሄደ። ወልደሰንበት የለም፤ እንደ ሰው ሁሉ መኪናውን ሊሸኝ ወጥቷል። መርሻ ጠበቀ፤ ተቁነጠነጠ። ነገ እንግዶቹ ይመጣሉ። ፎቶው ደርሶ ከሆነ ብርሃን ምን ያደርገዋል? ካልደረሰም ሌብነቱ ይታወቃል። በሩን ገፋው።

ብርሃን ገባ። ሳህኖቹ ደርቀዋል። ጥግ ላይ ከተነጠፈው ጆንያ ላይ አንድ ጉንጩ የሞላ ወጣት ዓይኑን በክንዱ ከልሎ ተነሣ።

"አባዬ፣" አለ ጥሩሰው፣ "መኪናው ሄደ?"