የማረጋገጫው የመጀመሪያ መስመር

ዳምጠው ሪል አናሊሲስ የተባለውን የሒሳብ ትምህርት የቤት ሥራውን፣ ገጽ ሙሉ የሒሳብ ማረጋገጫ፣ ከክፍል ጓደኛው ከሐዊ ደብተር ቃል በቃል ገልብጦ አስገባ። መምህሩ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይተው፣ የገለበጠው ካላመነ ሁለቱም እንደሚወድቁ ነገሯቸው። ዳምጠው ሦስት ቀን አመነታ። በአራተኛው ቀን መምህሩ ቢሮ ገባ።

«መምህር፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

መምህሩ በርኅራኄ አዩት። «ደግ ልጅ ነህ። ግን ሐዊ ትናንት መጥታ፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ ብላ ፈርማለች። ጥፋቷን አትሸከምላት።»

ዳምጠው ዝም ብሎ ቢወጣ ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ እስከ በሩም ሄደ። ከዚያ ተመልሶ ጠመኔ አነሳና በቢሮው ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ፣ «ኤፕሲሎን ከዜሮ ይበልጣል እንበል» ብሎ የማረጋገጫውን የመጀመሪያ መስመር ጻፈ።

እጁ እዚያው ቆመ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም፣ መምህር» አለ።